የፊልም ሥራን ቃላት የመዘገቡት የእታለም የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሰናበታቸው የተሰበሰብንላቸው እኅታችን፣ ከሰዓት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ኅዳር 11 ቀን 1945 ዓ.ም. ከሰዓት መጠገኛው ሱቅ በስተ ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዪቱ ነበሩ። ታናናሾቻቸው አፋቸውን እንደ ፈቱ «እታለም» ብለው ጠሯቸው፤ ስሙም ከቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም ወደ መሥሪያ ቤት ተከትሏቸው ሄደ። በዕድሜ የሚበልጧቸው አለቆች ሳይቀሩ እታለም ሲሏቸው ኖረዋልና በዚህ ጽሑፍም በዚሁ ስማቸው ይጠራሉ።

አባታቸው ሰዓት ሲፈቱ ጥቃቅኑን ብሎን በነጭ ሳህን ላይ በተራ ይደረድሩ ነበር። እታለም ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከሳህኑ አጠገብ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የትኛው ብሎን ከየትኛው ቀጥሎ እንደ ወጣ በዓይናቸው ይይዙ ነበር። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ «የሰዓቴ ማሰሪያ ተለውጧል» ብሎ ሱቁን በአንድ እግሩ አቆመው። ሕፃኒቱ ከባንኮው ሥር ብቅ ብለው «ያን ቀንም ሦስተኛው ቀዳዳ ጋ ተሰንጥቆ ነበር፤ በጥቁር ክር አስረውት ነበር» አሉ። ደንበኛው ማሰሪያውን ገልበጥ አድርጎ ክሩን አየ፤ ሰዓቱን ኪሱ ከትቶም ወጣ። አባታቸው አላመሰገኗቸውም፤ «ሰው ፊት አዋቂ አትሁኚ» አሏቸው። ለእናታቸው ግን «ይቺ ልጅ ከማጉያ መነጽሬ ትበልጣለች» ማለታቸውን ልጆቹ ሁሉ ሰምተዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1963 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ታላቅ ወንድማቸው በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ነበርና እኅቱ እንደ እርሱ ጠመኔ እንዲይዙ አጥብቆ ይመኝ ነበር። እርሳቸው ግን የስድስት ወር የጽሕፈት መኪና ትምህርት ወስደው፣ በመስከረም 1964 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ጣቢያው በታይፒስትነት ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ክፍል በረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ የማይዘጋ፣ የጽሕፈት መኪናውም «መ» ፊደል በተመታች ቁጥር ተጣብቃ የምትቀር። ከስቱዲዮ የሚመጣላቸው የቀረጻ ዝርዝር ግማሹ ባዕድ ቃል ነበር። ፓን፣ ቲልት፣ ክሎዝአፕ፣ ኢንሰርት እያሉ፣ አንዱም ሳይገባቸው፣ አንዲት ፊደል ሳይስቱ ሲጽፉ ሦስት ወር ቆዩ። ይህ እንደ እሾኽ ወጋቸው። «የማላውቀውን ነገር አሳምሬ መጻፍ ከበቀቀን በምን ይለየኛል?» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓታቸውን ትተው ወደ ስቱዲዮ እየወረዱ፣ ጠዋት የጻፉት ቃል ከሰዓት በኋላ በሰው እጅ ሲሠራ ይመለከቱ ጀመር።

በ1967 ዓ.ም. የድራማ ክፍሉ ኮንቲኒዩቲ የሚባለውን ሥራ የሚሠራ ሰው አጣ። ፊልም ሲሠራ ታሪኩ በሚነገርበት ቅደም ተከተል እንደማይቀረጽ ለማያውቅ ሰው ይህን ሥራ ማስረዳት ያስቸግራል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ጠዋት ይቀረጻል፤ ሲተጫጩ በማግስቱ ይቀረጻል፤ በሁለቱ መካከል ባልየው በር ከፍቶ የሚገባበት ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሆናል። ሰውየው ከውጭ ሲገባ የጃኬቱ ሁለተኛ ቁልፍ ተከፍቶ ከነበረ፣ ከውስጥ ሲታይም ተከፍቶ መገኘት አለበት። ይህን የሚጠብቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ እታለም «እኔ እሞክረዋለሁ» አሉ። ሙከራው ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጀ።

የሚቀመጡባት ከካሜራው በስተ ግራ የነበረች ዝቅተኛ በርጩማ ነበረች። በጉልበታቸው ላይ ሰሌዳ፣ በአንገታቸው የሰከንድ ሰዓት፣ በጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው፣ ብርጭቆው በየትኛው እጅ እንደ ተያዘ፣ ውሃው እስከ የት እንደ ነበረ፣ ሻማው በስንት ጣት እንዳጠረ ይመዘግባሉ። አንድ አንጋፋ ተዋናይ አንድ ጊዜ «የለበስኩትን ካልሲ እኔ አላስታውስም፣ ሚስቴም አታስታውስም፤ እታለም ግን ታስታውሳለች፤ ይህ ነገር ለትዳሬ አያሰጋም ትላላችሁ?» ብሎ ስቱዲዮውን በሳቅ ሞላው። እታለም ቀና ሳይሉ «የግራው ተቀዶ ነበር፤ አስተካክለህ ቅደደው» አሉት።

በዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራው የሚጫንበትን ባለ ሐዲድ ጋሪ የሚገፉ አንድ ዝምተኛ ሠራተኛ ነበሩ። ባዕዳን ዶሊ የሚሉትን ይህን ጋሪ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የገፉ ሲሆን የሥራ ባልደረቦቻቸው «ባለ ጋሪው» ይሏቸው ነበር። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ነው። ጋሪው ሲንቀሳቀስ ካሜራው ላይ የተቀመጠ ሰው መንቀሳቀሱ ሳይታወቀው እቦታው ይደርስ ነበር፤ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ነበርና የሚገፉት። ካሜራ ያዡ፣ ሁልጊዜ ግራ ዓይኑን ስለሚጨፍን «አንድ ዓይኑ» የሚባለው፣ «ባለ ጋሪው ሲገፋኝ እንቅልፌ ይመጣል» ይል ነበር። እታለምና ባለ ጋሪው እንዴት እንደ ተቀራረቡ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። የታወቀው ነገር አንድ ቀን እታለም በሰሌዳቸው ላይ ከቀረጻው ዝርዝር በታች «የባለ ጋሪው ካልሲ ተረከዙ አልቋል» ብለው መጻፋቸውና በማግስቱ አንድ ጥንድ አዲስ ካልሲ በሐዲዱ ላይ መገኘቱ ብቻ ነው።

በጥር 1969 ዓ.ም. ተጋቡ። ታላቅ ወንድማቸው በዚህ ጋብቻ አልተስማማም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች እኅቱን ለጋሪ ገፊ መስጠት የቤተ ሰቡን ስም ዝቅ የሚያደርግ መሰለው፤ በሠርጉም ዕለት የተማሪዎች ፈተና አለብኝ ብሎ ቀረ። ፈተናው በማግስቱ ነበር። ይህን የሚጽፈው ያው ታላቅ ወንድም ስለሆነ፣ የሕይወት ታሪክ እውነት ሊነገርበት የሚገባ ጽሑፍ ነውና አልሸሸገውም።

ከጋብቻቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። የሚኖሩባት ቤት ከጣቢያው የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነበረች፤ ጠዋት አብረው ይወጣሉ፣ ማታ አብረው ይገባሉ።

በ1977 ዓ.ም. በጣቢያው አዲስ መመሪያ ወጣ። በስቱዲዮ የሚሠራ ማንኛውም ሠራተኛ የሙያውን ቃላት ጠንቅቆ ስለማወቁ በቃል እንዲፈተን፣ ያላለፈም ከስቱዲዮ ወጥቶ ወደ መጋዘን ወይም ወደ ጥበቃ እንዲዛወር ታዘዘ። መመሪያው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈበት ቀን ስቱዲዮው ሐዘን የገባበት ቤት መሰለ። እጅ ያላቸው ሁሉ የሥራቸውን ስም አያውቁም ነበርና። ክሎዝአፕ የሚባለውን «ፊት ብቻ»፣ ፓን የሚባለውን «ዘወር»፣ ቲልት የሚባለውን «ቀና ደፋ» እያሉ ሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ረጅሙን የማይክሮፎን ዘንግ የሚይዘው ሰው ዘንጉን «ሸምበቆ» ይለው ነበር፤ እርሱንም ሸምበቆ ይሉት ነበር። «ሸምበቆ ቡም መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። እኔስ ቡም ልባል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሳቀ አልተገኘም።

እታለም የፈተናው ሥጋት የለባቸውም ነበር፤ ቃላቱን ከማንም በላይ ያውቁ ነበርና። ነገር ግን ባለቤታቸውን ጨምሮ ሰባት ሠራተኞች ሥራቸውን ሊያጡ መሆኑን ባዩ ጊዜ፣ አንድ መዝገብ ለማዘጋጀት ቆርጠው ተነሡ። መዝገቡ ሦስት ዓምድ ነበረው። በመጀመሪያው ሠራተኛው የሚለው ቃል፣ በሁለተኛው ባዕዱ ቃል፣ በሦስተኛው ነገሩ ምን እንደሚሠራ ተጻፈ። ሦስተኛውን ዓምድ ከመጽሐፍ አልቀዱትም። ሸምበቆን ስለ ሸምበቆው፣ አንድ ዓይኑን ስለ ካሜራው፣ መብራት ሰቃዩን ስለ መብራቱ እየጠየቁ፣ ከአፋቸው የወጣውን እንዳለ ጻፉ። ሰማንያ ስድስት ቃላት ሆነ። በማባዣ አርባ ሦስት ቅጂ ተባዝቶ ለየክፍሉ ታደለ። በምሳ ሰዓት የቆዩ መጋረጃዎችና የካርቶን ግድግዳዎች በተከመሩበት ዕቃ ቤት ውስጥ ሰባቱን ሰዎች እያስቀመጡ ያስጠኑ ጀመር። ሥራቸው አለቆቹን ስላስደሰተ የኮንቲኒዩቲ ክፍል ኃላፊ እንዲሆኑ ታጩ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሳይጠየቁ የቀሩ አንድ ሰው ነበሩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ እታለም ስለ ጋሪው ባለ ጋሪውን አልጠየቁም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ሥራውንም በየቀኑ ያዩታል፤ ምን የሚጠየቅ አለ? ስለዚህ በሠላሳ አንደኛው ተራ ላይ ዶሊንና ዙምን አንድ ላይ አድርገው «ምስሉን ከሩቅ ወደ ቅርብ ማምጣት፤ ሁለቱ አንድ ናቸው» ብለው ጻፉ። ዙም ማለት ካሜራው ካለበት ሳይነቃነቅ ሌንሱን በማዞር ምስሉን ማጉላት ነው። ዶሊ ግን ካሜራው ራሱ በጋሪ ሲሄድ ነው። ከበርጩማቸው ሆነው በትንሿ ማሳያ የሚመለከቱት እታለም ሁለቱንም «ከሰፊ ወደ ፊት ብቻ» ብለው በአንድ ዓይነት መንገድ ሲመዘግቡ ስለ ኖሩ ልዩነታቸው አልታያቸውም።

ፈተናው በግንቦት ወር ተካሄደ። ስድስቱ አለፉ። ባለ ጋሪው ወደቁ።

እታለም ውጤቱን ያነበቡት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው። ከባለቤታቸው ቀጥሎ በር ላይ ተራ ይጠብቅ የነበረውን ሸምበቆን ፈልገው «ምን ብለው ጠየቁት?» አሉት። ሸምበቆ መሬት መሬት እያየ «ሌላውን ሁሉ እንደ ውሃ ጠጣው፣ እትዬ። ከዚያ ዶሊና ዙም ምን ይለያቸዋል አሉት። እግሩን እግሩን አየ። ከዚያ አይለያዩም፣ አንድ ናቸው አለ። የራሱ የሥራ ዘርፍ ስለሆነ ይችን የሳተ አያልፍም አሉ» ብሎ ነገራቸው።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው የልጃቸውን የደብተር ልባስ እያጠፉ አገኟቸው። የተናገሩትን ልጃቸው እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች።

«እንደሚለያዩ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ?»

«አንቺ ጽፈሻል።»

«እኔ ከተሳሳትኩስ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሚስቴ ተሳስታለች ልበል? ደግሞ እኔ በእግሬ ነው የማውቀው። የተጻፈ ይበልጣል ብዬ ነው።»

እታለም በዚያን ዕለት እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ታላቅ ወንድማቸውን ሊያማክሩ ወደ ቤቱ ሄዱ። ጥያቄው ግልጽ ነበር። ስሕተቱ የመዝገቡ መሆኑን ለፈተናው ኮሚቴ ቢያመለክቱ የታጩበት ሹመት ይቀራል፤ በጥቁር ነጥብም ሊመዘገቡ ይችላሉ። ዝም ቢሉ ባለቤታቸው የመጋዘን በር ጠባቂ ሆነው ይቀራሉ። ታላቅ ወንድማቸው ያኔ ርእሰ መምህር ሆኖ ነበር፤ የሰጠውም ምክር የሚከተለው ነው። «ስምሽን ጠብቂ። በስንት ድካም የተገኘ ሹመት ነው። ጋሪ ገፊ መጋዘን ቢገባ ምን ይጎድልበታል?» እታለም የቀረበላቸውን ውሃ ሳይጠጡ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ጋሼ፣ እኔ ያጠፋሁትን ሌላ ሰው ይክፈል ነው የምትለኝ? ያውም ባሌ? አንተ ተማሪህን እንዲህ ብለህ ታስተምራለህ?» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጡም። ምክሩ ስሕተት ነበር፤ ሰጪውም ስሕተት መሆኑን ያን ዕለት ያውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በእጃቸው የተጻፈ ማመልከቻ ይዘው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢው ቀና ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ከወረቀት ፈቀቅ የማይሉ። «ወይዘሮ፣ እርስዎ መዝገብ ተሳሳቱ፤ እሳቸው ደግሞ መልስ ተሳሳቱ። የፈተናው ጥያቄ የቀረበው ለመዝገቡ አይደለም» አሏቸው። እታለም «እውነት ነው፣ ጌታዬ። ሰውየው ግን መልሱን ያውቃል። እንዳይናገር ያፈነው የእኔ ወረቀት ነው። ስቱዲዮ ይውረዱና ይዩት፤ አላውቅ ካለ እኔም አብሬው መጋዘን እገባለሁ» ሲሉ መለሱ። ከበር ላይ ቆሞ ያዳምጥ የነበረው አንድ ዓይኑ «ካሜራውን እኔ እይዛለሁ» አለ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፤ ተነሡ።

በስቱዲዮው መካከል የሰብሳቢው ጸሐፊ በወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ካፖርት የተሰቀለበት መስቀያ ቆሞ ነበር። ባለ ጋሪው ጫማቸውን አወለቁ። በመጀመሪያ አንድ ዓይኑ ሌንሱን ብቻ አዞረ፤ በማሳያው ላይ የጸሐፊዋ ፊት ጎላ፣ ካፖርቱም አብሮ ጎላ። ሁለተኛውን ባለ ጋሪው ገፉ። የጸሐፊዋ ፊት እየቀረበ ሲመጣ ካፖርቱ ሳይጎላ ካለበት ቀረ፤ በስተ ቀኝ የነበረው መስኮት ከማሳያው ጠርዝ ሾልኮ ወጣ። ሰብሳቢው ሁለቱም እንደገና እንዲደገም አዘዙ። ከዚያ ወደ ባለ ጋሪው ዞረው «ለምንድን ነው እንዲህ የሆነው?» ብለው ጠየቁ።

ባለ ጋሪው ሚስታቸውን አዩ። እታለም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁላቸው። ባለ ጋሪውም «በመጀመሪያው እርስዎ ተቀምጠው ነው የሚያዩዋት። በሁለተኛው ተነሥተው ወደሷ ሄደዋል» አሉ።

ሰብሳቢው ይህን አባባል በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት፤ ጸሐፊያቸውም ሲያነብቡላቸው አንድ ቃል እንኳ አልለወጡም። ባለ ጋሪው ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሐዲዳቸው ተመለሱ። እታለም በመዝገባቸው ስሕተት ምክንያት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ ሹመቱም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ደብዳቤውን ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አስቀመጡት። «ሁለቱም የዚያው ሰው ጉዳይ ናቸው» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ በጣቢያው ውስጥ እስከ አሁን ይወራል። የታደሉትን አርባ ሦስት ቅጂዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ሰበሰቡ። ጠረጴዛ መሳቢያ እየከፈቱ፣ ቁም ሣጥን ላይ እየተንጠራሩ፣ መብራት ሰቃዩ ለምሳ ዕቃው መጠቅለያ ያደረገውን ሳይቀር አስፈትተው፣ ሠላሳ አንደኛውን ተራ በቀይ ቀለም ሠረዙ፤ በጎኑም የባለቤታቸውን ቃል በእጃቸው ጻፉ። የአንዱ ክፍል አለቃ «አንድ መሥመር ናት፣ ምን አስጨነቀሽ?» ቢሏቸው «በአንድ መሥመር ሰው መጋዘን ገብቷል» አሏቸው። አርባ አንዱን አገኙ። ሁለቱ ቅጂዎች እስከ ዛሬ የት እንዳሉ አይታወቅም።

በ1979 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው ከታረመው ቅጂ አንዱን በአንድ የቀድሞ ተማሪው እጅ አይቶ አነበበው። በሚቀጥለው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኅቱ ቤት ሄደ። በር የከፈቱለት ባለ ጋሪው ነበሩ። «ግባ፣ ጋሼ፤ ቆመህ አትቅር» ብለው ወንበር ሳቡለት። እታለም ከጓዳ ወጥተው ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩና «የሸሚዝህ አንገት ተገልብጧል» አሉት። አስተካከሉለት፤ በዚሁ አበቃ።

በ1981 ዓ.ም. የኮንቲኒዩቲ ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮም በሙያ ማሠልጠኛው እያስተማሩ ብዙ ሠልጣኞችን አፍርተዋል። መዝገባቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቃላት እስኪደርስ ድረስ አራት ጊዜ ታትሟል፤ የመጨረሻውን በኮምፒዩተር የጻፈችላቸው ሴት ልጃቸው ናት። ፊልም ወደ ቪዲዮ ካሴት፣ ካሴት ወደ ዲጂታል ሲለወጥ አዳዲስ ቃላት መጡ፤ እርሳቸው ግን ነገሩን በእጁ የሚሠራው ሰው ሳይጠየቅ አንድም ቃል ወደ መዝገቡ እንዳይገባ ያጸኑትን ደንብ አልለወጡም። አንድ ሠልጣኝ «መምህርት፣ ይህ እኮ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል» ቢላቸው «የእኔም ተጽፎ ነበር» ብለው ሠላሳ አንደኛውን ተራ ከነቀይ ሥርዙ አሳዩት። ስሕተታቸውን ለየዓመቱ ሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ትምህርት ያሳዩ ነበር፤ የባለቤታቸውንም ስም ከነማዕርጋቸው ጠርተው የአባባሉ ባለቤት እርሳቸው መሆናቸውን ሳይናገሩ አያልፉም።

በ2000 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ከእርሳቸው ጋር ቴሌቪዥን ማየት ግን ቀላል አልነበረም። ሌላው ሰው እንባውን እየጠረገ ሳለ እርሳቸው «ቅድም ኮሌታው ተከፍቶ ነበር» ይላሉ። የልጅ ልጆቻቸው ተመካክረው «አያቴ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ አንድም ስሕተት አይነገርም» የሚል ውል አስፈረሟቸው። ፈረሙ፤ ነገር ግን ፊልሙ ሲያልቅ ከትራሳቸው ሥር ሙሉ ገጽ ዝርዝር ያወጡ ነበር።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ ከ2010 ዓ.ም. በኋላም የዓይናቸው ብርሃን ቀስ በቀስ ደከመ፤ በመጨረሻም ከብርሃንና ከጥላ በቀር የማይለዩ ሆኑ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በዓይናቸው የኖሩ ሰው ይህን እንዴት እንደሚችሉት ያስጨነቀን ሁላችንንም ነበር። ባለቤታቸው ግን ሶፋው ላይ ከጎናቸው ተቀምጠው የሚታየውን ሁሉ ይነግሯቸው ጀመር። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ለበሰ፣ በየትኛው እጁ ምን ያዘ። እታለም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ከበር ላይ የሚሰሙት ይህን ነበር፦

«አሁን ተነሣ። ወደ መስኮቱ ሄደ። ሰማያዊ ሹራብ ነው ያደረገው።»

«ቅድም ግራጫ ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ?»

«ብለሃል። ወይ እነሱ ተሳስተዋል፣ ወይ አንተ።»

«እኔ እሆናለሁ።»

«አንተ አይደለህም። እነሱ ናቸው። ያየኸውን ንገረኝ፤ ለእኔ ብለህ አታስተካክል።»

ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሩ። በዚህ ዓመት መጋቢት ወር የኩላሊት ሕመም ተጨመረባቸው፤ በሐኪም ቤትና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው በመጨረሻ ለአሥራ ሰባት ቀናት ሐኪም ቤት ተኙ። አልጋቸው ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። ባለቤታቸው በእነዚህ ቀናት ሁሉ በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን እየነገሯቸው አጠገባቸው ነበሩ፤ ነርሷ ፀጉሯን መቁረጧን፣ ፊት ለፊት የተኙት በሽተኛ ዛሬ ቁጭ ማለታቸውን፣ ከውጭ ዝናብ መጀመሩን። አንድ ቀን ታላቅ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው ገብቶ፣ ሐኪሙ የነገረውን በእርሳቸው ፊት አለዝቦ «እየተሻለሽ ነው፣ ፊትሽም መልካም ነው» አላቸው። እታለም ፈገግ ብለው ራሳቸውን ወደ ባለቤታቸው አዞሩ፤ «እውነት ነው?» አሏቸው። ባለቤታቸው ወንበራቸውን ወደ አልጋው ሳቡ። ከዚያም እጃቸውን ይዘው «አይደለም። በጣም ደክሞሻል፤ ከንፈርሽ ደርቋል፤ እኔም እዚሁ ነኝ» አሏቸው። እታለም «አየህ፣ ጋሼ፣ እንዲህ ነው የሚነገረው» አሉ። ታላቅ ወንድማቸው በዚያን ዕለት ከባለ ጋሪው እግር ሥር ባለችው ወንበር ላይ እስኪመሽ ተቀመጠ።

እታለም በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ረቡዕ ግንቦት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው ስለ ጠዋቱ ሰማይ እየነገሯቸው ሳለ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ማረፋቸውን ካወቁ በኋላም የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርሱ እንዳላቆሙ ነርሷ ነግራናለች።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ በነርስነት የምታገለግለውን ሴት ልጃቸውን፣ በአናጢነት የሚተዳደረውን ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና ሁለት ታናናሾቻቸውን፣ በየጣቢያውና በየስቱዲዮው የተበተኑ ተማሪዎቻቸውንም ትተው ሄደዋል።

ልታጽናኑን የመጣችሁ ወዳጆች ሁሉ፣ ከማናችንም በፊት የባለቤታቸውን እጅ ያዙ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ለእታለም እውነትን ሳያጎድሉ የሰጡ እርሳቸው ናቸው፤ የዚህ ቤተ ሰብ ታላቅም ከዛሬ ጀምሮ እርሳቸው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ከእርሳቸው ቀጥሎ ይቆማል።

የደከመ ዓይናቸውን ያሳረፈ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ማደሪያ ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናቱን፣ ለእኛም ያየነውን እንዳየነው የምንናገርበትን ድፍረት ይስጠን። አሜን።